ጭራቁን በፊደል መምታት፦ ስለ ታይፕ ጨዋታ ስልትና ለተማሪው ስለሚሰጠው ጥቅም

በየዓመቱ ከአገር ቤት የሚመጡ አዳዲስ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ከሚገጥሟቸው ችግሮች አንዱ በየትኛውም የትምህርት መመሪያ ላይ አልተጻፈም። ይኸውም ታይፕ የመምታት ችግር ነው። እዚህ የቤት ሥራው፣ የቤተ ሙከራው ዘገባ፣ የበሽተኛው ታሪክ ሳይቀር በኮምፒዩተር ይጻፋል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ደግሞ አገር ቤት ሳለን ኮምፒዩተርን የምናውቀው በተራ በምንቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነበር። ስለዚህ ትምህርቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ተማሪ በሁለት ጣት ፊደል እየለቀመ ሲያመሽ ማየት የተለመደ ሆኗል።

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ለመረዳት ሒሳቡን እንመልከት። የታይፕ ፍጥነት የሚለካው በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሚመታ የቃል ብዛት ነው። አንድ «ቃል» ሲባልም በስምምነት፣ ክፍት ቦታው ተቆጥሮ፣ አምስት ምት ማለት ነው። በደቂቃ 15 ቃል የሚመታ ተማሪ 1,500 ቃል ያለውን ጽሑፍ ለመገልበጥ ብቻ 100 ደቂቃ ይፈጅበታል። 40 ቃል የሚመታው ግን ከ38 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ከአንድ ሰዓት የሚበልጠው ልዩነት የሚከፈለው ከእንቅልፍ ወይም ከጥናት ተቀንሶ ነው።

በዚህ እትም ስለ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ለመጻፍ የተነሣነውም በዚህ ምክንያት ነው። «ማኅበሩ ስለ ጨዋታ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው፤ ታይፕ የሚለመደው በድግግሞሽ ነው፣ ድግግሞሽ ደግሞ ይሰለቻል። ይህን አሰልቺ ድግግሞሽ ወደ ትንቅንቅ ለውጦ የሚያቀርብ መሣሪያ ካለ፣ አጠቃቀሙን ማወቅ ይጠቅማል። ነገር ግን ጨዋታው ያለ ስልት ከተያዘ መጥፎ ልማድም ያስተምራል። ስለዚህ መልካሙንም ጉድለቱንም ከዚህ በታች እናብራራለን።

1. ጨዋታው ምንድን ነው?

ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 «ዘ ሃውስ ኦፍ ዘ ዴድ 2» የሚባል፣ በሳንቲም በሚሠሩ ማሽኖች ላይ የሚጫወቱት የተኩስ ጨዋታ አወጣ። ታሪኩ የሚፈጸመው በኢጣሊያ ከተማ በቬኒስ ሲሆን፣ ሁለት ሰላዮች ከመቃብር የተነሡ የሚመስሉ ጭራቆችን በሽጉጥ እየመቱ ከተማዋን ለማዳን ይጥራሉ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1999፣ ያው ኩባንያ ይህንኑ ጨዋታ ወስዶ ሽጉጡን በኪቦርድ ተካውና «ዘ ታይፒንግ ኦፍ ዘ ዴድ» አለው። ጨዋታው በ2000 ድሪምካስት ለሚባለው የቤት ውስጥ መጫወቻ ማሽን ወጣ፤ ቆይቶም በኮምፒዩተር ላይ ለመጫወት ተዘጋጀ። አስቂኙ ነገር ሰላዮቹ የጨዋታ ማሽኑን ከነባትሪው በጀርባቸው አዝለው፣ ኪቦርዱን በደረታቸው አንግተው በቬኒስ ጎዳናዎች መሮጣቸው ነው። በ2013 ደግሞ «ዘ ታይፒንግ ኦፍ ዘ ዴድ፦ ኦቨርኪል» የተባለው ሌላ ጨዋታ በዚያው መንገድ ተሠራ።

በተመሳሳይ ሐሳብ የተሠራና በኢንተርኔት ማሰሻ የሚጫወቱት «ዜድታይፕ» የሚባል ጨዋታም አለ። እርሱ ላይ ጠላቶቹ ጭራቆች ሳይሆኑ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ የጠፈር መርከቦች ናቸው። የውጊያው ሕግ ግን ተቀራራቢ ስለሆነ የምንሰጠው ምክር ለሁሉም ያገለግላል።

2. የውጊያው ሕግ

በእያንዳንዱ ጭራቅ ላይ ቃል ወይም ሐረግ ተጽፎ ይታያል። ተጫዋቹ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ሲመታ ዒላማው በዚያ ጭራቅ ላይ ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛ ፊደል በተመታ ቁጥር ጥይት ይተኮሳል፤ ቃሉ ሲያልቅ ጭራቁ ይወድቃል። ቃሉ ሳያልቅ ጭራቁ ከደረሰ ግን ተጫዋቹን ይመታዋል፤ ከተሰጠው ነፍስም ይቀነስበታል። አንዳንዱ ጭራቅ ከሩቅ መጥረቢያ ይወረውራል። እንዲህ ያለው የተወረወረ ነገር የሚመከተው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፊደል ነው። በመንገድ ላይ በጭራቅ የተያዙ ነዋሪዎችም ያጋጥማሉ፤ የያዛቸውን ጭራቅ በጊዜ የመታ ተጫዋች ያድናቸዋል። በየምዕራፉ መጨረሻ የሚጠብቀው ዋናው ጭራቅ ደግሞ ከሌሎቹ የተለየ ፈተና ያቀርባል፤ ለምሳሌ ረጃጅም ዓረፍተ ነገር ያስመታል፣ ወይም ጥያቄ ጠይቆ ትክክለኛውን መልስ መርጦ መምታትን ይጠይቃል።

እንግዲህ ጠላቱ በብዛትም በፍጥነትም ይመጣል፤ እኛ ያሉን ግን አሥር ጣቶች ብቻ ናቸው። ስልት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

3. ስልቶቹ

ሀ/ መነሻ ቦታን መያዝ

የግራ እጅ አራት ጣቶች በኤ፣ በኤስ፣ በዲና በኤፍ ላይ፣ የቀኝ እጅ አራት ጣቶች በጄ፣ በኬ፣ በኤልና በሴሚኮለን ላይ ያርፋሉ። አውራ ጣቶች የክፍት ቦታው ቁልፍ ላይ ይሆናሉ። በኤፍና በጄ ቁልፎች ላይ በጣት የሚዳሰስ ትንሽ ጉብታ አለ፤ የተሠራውም ዓይን ሳያይ አመልካች ጣቶች ቦታቸውን እንዲያገኙ ነው። ማንኛውም ጣት ሩቅ ፊደል መትቶ ሲጨርስ ወደ መነሻው ይመለሳል።

ይህ አሠራር ለጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ፍራንክ ማክጉሪን የተባለ የፍርድ ቤት ጸሐፊ በይፋ ውድድር ተጋጣሚውን በሰፊ ልዩነት አሸንፏል። ማክጉሪን በአሥር ጣቱ፣ ቁልፎቹን ሳያይ ይመታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳያዩ መምታት የታይፒስቶች ሁሉ ትምህርት ሆነ። በጨዋታውም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዓይኑን ወደ ኪቦርድ የመለሰ ተጫዋች ጭራቁን ከዓይኑ ያጣል። ማየትን መተው ለሚቸግረው እጁን በነጠላ ሸፍኖ መጫወት ጥሩ መድኃኒት ነው።

ለ/ ከፍጥነት በፊት ትክክለኛነት

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ስህተት ፊደል ሲመታ ጥይቱ አይተኮስም፤ ቃሉ ባለበት ይቆማል፤ ጭራቁ ግን አይቆምም። ከሁሉ የሚብሰው፣ ጣት አንዴ ከሳተ በኋላ «የት ደርሼ ነበር?» ብሎ ቦታውን መፈለጉ የሚወስደው ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ የጨዋታውን አንድ ጉድለት ማስታወስ ተገቢ ነው። በጨዋታው ውስጥ ስህተትን መሰረዝ አያስፈልግም፤ ትክክለኛው ፊደል እስኪገኝ መደብደብ ይቻላል። በእውነተኛ ጽሑፍ ግን አንድ ስህተት ሦስት ምት ያስከፍላል፤ የተሳሳተው ምት፣ የማጥፊያው ምት፣ ከዚያም የትክክለኛው ምት። ስለዚህ ጨዋታው የማይቀጣውን ስህተት ተጫዋቹ ራሱ መቅጣት ይኖርበታል። ከመቶ ምት ከአምስት በላይ የሳተ፣ ምዕራፉን ቢያሸንፍም እንዳላሸነፈ ቆጥሮ ቀስ ብሎ እንደገና እንዲጫወት እንመክራለን።

ሐ/ የትኛው ይቅደም?

የውጊያው እምብርት ይህ ነው። የሕክምና ተማሪዎች ነገሩን በሌላ ስም እናውቀዋለን። በናፖሊዮን ዘመን የፈረንሳይ ጦር ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ ቁስለኞች በማዕረጋቸው ሳይሆን በቁስላቸው ክብደት ቅደም ተከተል እንዲታከሙ አደረገ። ዛሬም በድንገተኛ ክፍል በር ላይ የሚሠራበት ትሪያጅ የሚባለው አሠራር መሠረቱ ይኸው ነው። ቀድሞ የመጣው ወይም አብዝቶ የጮኸው ሳይሆን፣ መጠበቅ የማይችለው ይቀድማል።

ምሳሌ እንውሰድ። በስክሪኑ ላይ ሦስት አደጋዎች በአንድ ጊዜ ታዩ እንበል። አንደኛው ባለ አንድ ፊደል የተወረወረ መጥረቢያ ነው። ሁለተኛው ቅርብ ያለ፣ ባለ 6 ፊደል ጭራቅ ነው። ሦስተኛው ሩቅ ያለ፣ ባለ 14 ፊደል ጭራቅ ነው። ተጫዋቹ በደቂቃ 30 ቃል፣ ማለትም በሰከንድ ሁለት ምት ተኩል ይመታል። መጥረቢያው 0.4 ሰከንድ፣ ቅርቡ ጭራቅ 2.4 ሰከንድ፣ ሩቁ 5.6 ሰከንድ ይፈጃል። ድምሩ በየትኛውም ቅደም ተከተል 8.4 ሰከንድ ነው። ልዩነቱ ማን ምን ያህል ይጠብቃል የሚለው ላይ ነው። ትልቁ አስፈርቶት ከእርሱ የጀመረ ተጫዋች መጥረቢያውን 5.6 ሰከንድ ያስጠብቀዋል፤ መጥረቢያ ደግሞ አይጠብቅም። ከመጥረቢያው ጀምሮ ወደ ቅርቡ፣ ከዚያ ወደ ሩቁ የሄደው ግን ሁለቱን አጣዳፊዎች በ2.8 ሰከንድ ጨርሶ ለትልቁ ሙሉ ትኩረቱን ይሰጣል። ሁለቱም እኩል ፈጣን ናቸው፤ አንዱ ይሞታል፣ ሌላው ይድናል።

ስለዚህ ደንቡን በአጭሩ እናስቀምጥ። በመጀመሪያ የተወረወረውን፤ ቀጥሎ ቅርቡን፤ ርቀታቸው እኩል ከሆነ አጭሩን ቃል፤ በመጨረሻ ሩቁንና ረጅሙን። ሰው የያዘ ጭራቅ ካለ ቅርቡ ጭራቅ በሚቆጠርበት ደረጃ ይቆጠራል።

መ/ የጀመሩትን መጨረስ

አንድ ቃል ከተጀመረ በኋላ ሌላ ጭራቅ ብቅ ሲል ልብ ወደዚያ ይሸፍታል። ከሁለት ያልበለጠ ፊደል የቀረው ቃል ሳያልቅ መተው ግን ኪሣራ ነው። ዒላማን ለመቀየር ውሳኔ የሚያስፈልገው ከመጀመሪያው ፊደል በፊት እንጂ በቃሉ መካከል አይደለም። በመሆኑም አንዱ ጭራቅ ሲወድቅ ባለችው ቅጽበት ስክሪኑን በሙሉ መቃኘትን ልማድ ማድረግ ያሻል።

ሠ/ ዓይን ከጣት ቀድሞ

ጥሩ ታይፒስት ጣቱ የሚመታውን ፊደል አያይም፤ ዓይኑ ጥቂት ፊደላት ቀድሞ ይሄዳል። ይህም ልክ ንባብ የለመደ ልጅ ፊደል መቁጠር እንደሚተወው ያለ ነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚያቀርበውን ዋና ጭራቅ ለማሸነፍ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ዓረፍተ ነገሩን በሦስትና በአራት ቃል ከፋፍሎ፣ አንዱን ክፍል ጣት ሲመታ ቀጣዩን ዓይን ያንብበው። ነጠላ ሰረዝና የመሳሰሉት ምልክቶችም የቃሉ ክፍል ስለሆኑ መዘለል የለባቸውም። ጥያቄ የሚጠይቀው ጭራቅ ሲመጣ ደግሞ መልሶቹን ሁሉ አንብቦ ከዚያ መጀመር እንጂ የመጀመሪያውን መልስ ይዞ መሮጥ አያዋጣም።

ረ/ የቋንቋ መቀየሪያውን መጠበቅ

በዚህ አካባቢ የሚሸጡት ኪቦርዶች የላቲንና የዐረብኛ ፊደላት በአንድነት የታተሙባቸው ናቸው። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ኦልትና ሺፍት የሚባሉት ቁልፎች አብረው ከተነኩ ጽሑፉ ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ ሊዞር ይችላል። በውጊያው መካከል ይህ ከሆነ የሚመታው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከመጀመር በፊት ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከተቻለም ሌላውን ለጊዜው ማጥፋት ይበጃል።

4. የልምምድ አካሄድ

ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው ተብሎ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከመጫወት ይልቅ በየቀኑ 20 ደቂቃ መጫወት ይሻላል። የእጅ ሙያ የሚሠርጸው ተከፋፍሎ፣ በመካከሉ ዕረፍትና እንቅልፍ ሲገባበት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በዚህ መሠረት የአራት ሳምንት አካሄድ እናቀርባለን።

በመጀመሪያው ሳምንት በመነሻው ረድፍ ላይ ብቻ መለማመድና በቀላሉ ደረጃ መጫወት፤ ኪቦርዱን አለማየት። በዚህ ሳምንት ፍጥነት ከቀድሞው የሁለት ጣት ፍጥነት በታች ይወርዳል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ሁለት ጣቱ የሚመለሰው እዚህ ላይ ስለሆነ መጽናት ያስፈልጋል። በሁለተኛው ሳምንት ትክክለኛነት ላይ ማተኮር። በሦስተኛው ሳምንት የቅደም ተከተሉን ደንብ ይዞ ከበድ ወዳለው ደረጃ መግባት። በአራተኛው ሳምንት የየራሳችንን የትምህርት ቃላት መጠቀም፤ ዜድታይፕ ተጫዋቹ ራሱ ያመጣውን ጽሑፍ ተቀብሎ ወደ ውጊያ ስለሚለውጥ ለዚህ ምቹ ነው። የሥነ አካል ትምህርት የሚማር ሰው የአንገቱን ጡንቻ ስተርኖክላይዶማስቶይድን ከላይ ሲወርድበት መትቶ ከጣለው በኋላ አጻጻፉን አይረሳውም።

በአንድ መኝታ ቤት የሚኖሩ ተማሪዎች በጋራ ቢለማመዱ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። አንዱ ሲጫወት ሌላው የትክክለኛነቱን ውጤት በደብተር ይመዝግብ። ከትናንት የተሻለ ትክክለኛነት ያመጣ ይመስገን፤ ነጥብ ያበዛ ብቻ አይመስገን።

ጤናን በተመለከተ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። የእጅ አንጓ ወደ ላይ ሳይቀለበስ ከክንድ ጋር ቀጥ ብሎ ይሁን፤ ቁልፍ የሚመታው በለስላሳ ምት እንጂ በኃይል አይደለም። ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ቁጥር ስለሆነ በየ20 ደቂቃው ራቅ ያለ ነገር ማየት ያስፈልጋል። ጣት ከደነዘዘ ወይም አንጓ ካመመ ጨዋታውን ማቆም፣ ሕመሙ ካልተወም ሐኪም ማማከር ይገባል።

5. ከጨዋታው ባሻገር

ይህ ሁሉ ከተለመደ በኋላ ለእኛ የሚቀሩ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የአማርኛ ጽሑፍ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር፤ ይኸውም ጨዋታው በወጣበት ዓመት መሆኑ ነው። ዛሬ በድምፅ በተመሠረቱት የአማርኛ መጻፊያዎች አብዛኛው ፊደል በአንድ ተነባቢና በአንድ አናባቢ ቁልፍ ይጻፋል። «ሰላም» ለማለት ሰ ሁለት ምት፣ ላ ሁለት ምት፣ ም አንድ ምት፣ በድምሩ አምስት ምት ይፈልጋል። ቁልፎቹ እነዚያው የላቲን ቁልፎች ናቸው። ስለዚህ ጣቱን በእንግሊዝኛ ጭራቅ ያሠለጠነ ሰው ለወላጆቹ ደብዳቤ፣ ለዚህ መጽሔትም ጽሑፍ በአማርኛ ለመጻፍ ከአዲስ አይጀምርም።

ሁለተኛው በሕክምና ለምንሠማራ ከባዱ ነው። በጨዋታው ልምድ ያካበተ ሰው የቃሉን መነሻ ፊደላት አይቶ ቀሪውን መገመት ይጀምራል። ለጭራቅ ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ለበሽተኛ ግን አደገኛ ነው። ሃይድራላዚን የደም ግፊት መቀነሻ መድኃኒት ነው፤ ሃይድሮክሲዚን ደግሞ ለማሳከክና ለጭንቀት የሚሰጥ ነው። ሁለቱም በላቲን ሲጻፉ የመጀመሪያ አራት ፊደሎቻቸው አንድ ዓይነት ናቸው። በሆስፒታል ኮምፒዩተር ላይ ጥቂት ፊደል ሲመታ የመድኃኒት ዝርዝር በሚመጣበት ቦታ፣ ጣቱ ከዓይኑ የቀደመ ሐኪም የማይፈለገውን ሊያዝ ይችላል። በጨዋታው የተሳሳተ ሰው አንዲት ነፍስ ተቀንሶበት እንደገና ይጀምራል፤ በክፍሉ ውስጥ ለተኛው ሰው ግን ሁለተኛ ዙር የለውም። ስለዚህ የመድኃኒት ስምና መጠን ሲጻፍ የጨዋታውን ፍጥነት በር ላይ ትቶ፣ ቃሉን እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቦ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

በአጭሩ፣ ጨዋታው የሚያስተምረው ዋና ነገር ጣትን ማሯሯጥ አይደለም። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲመጣ ሳይደነግጡ የቱ መጠበቅ እንደማይችል መለየትን፣ የጀመሩትንም በትክክል መጨረስን ነው። ፈተና፣ የቤት ሥራና የሆስፒታል ተረኝነት በአንድ ሳምንት ለሚደራረቡበት ተማሪ ይህ ትምህርት ከኪቦርድም ያለፈ ጥቅም አለው።

ቀደም ብላችሁ የለመዳችሁ፣ አዲስ ለመጡት ጊዜ ስጡ፤ በሳምንት አንድ ምሽት አጠገባቸው ተቀምጣችሁ የጣታቸውን አቀማመጥ ብታርሙላቸው ይበቃል። አዲስ የመጣችሁም መጠየቅ አያሳፍራችሁ። ዛሬ የምትማሩትን 20 ደቂቃ፣ በፈተናው ሰሞን በሰዓታት ተቆጥሮ ታገኙታላችሁ።